የኮታ ዘመን፤ ከፎገራ ማሳ እስከ ቀበሌ ሱቅ

በአገራችን የጦርነት ዘመን ኑሮ ሲወሳ የከተማ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሰልፍን ነው፡፡ የስኳር ሰልፍ፣ የሳሙና ሰልፍ፣ የጤፍ ሰልፍ፡፡ በሰልፉ ጫፍ ያለውን የቀበሌ ሱቅ ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ማሳ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፡፡ ይህ ጽሑፍ በደርግ ዘመን፣ በተለይም ከ1972 እስከ 1983 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ እህል ከገበሬው ጎተራ ወጥቶ ከከተሜው ሞሰብ እስኪደርስ ዋጋ የሚባለው ነገር ምን ይሆን እንደነበር፣ ሕዝቡም ያንን ዘመን በምን እየተጽናና እንዳለፈው ያስረዳል፡፡ በአሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከነበረው የራሽን ሥርዓት ጋርም በአጭሩ ያነጻጽራል፡፡

ለማሳያ የፎገራን ሜዳ ወስደናል፡፡ ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው፡፡ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፡፡ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላምም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሜዳ ነው፡፡ በጉማራ በኩል የወንዛዬ ፍል ውሃ አለ፤ ሕመምተኛ ከሩቅ እየመጣ የሚታጠብበት፡፡ ወረታ ደግሞ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት፡፡ ያን ጊዜ በጎንደር ክፍለ ሀገር በሊቦ አውራጃ ሥር ነበረች፡፡ ባሕር ዳር ግን ጎጃም ክፍለ ሀገር ነው፡፡ አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ በዚያ ዘመን የክፍለ ሀገር ወሰን ማለት ለእህል ከባሕር በር የማይተናነስ ድንበር ነበርና፡፡

ኮታ እንዴት ይሠራ ነበር?

ነገሩ የሚጀምረው ከአዲስ አበባ ነው፡፡ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል የመንግሥት ተቋም ነበረ፡፡ ድርጅቱ ለጦር ሠራዊቱ፣ ለሆስፒታሎች፣ ለመንግሥት ተቋማትና ለከተማ ቀበሌዎች የሚያስፈልገው እህል ይተመንና በየክፍለ ሀገሩ ይደለደላል፡፡ ክፍለ ሀገሩ ለአውራጃ፣ አውራጃው ለወረዳ፣ ወረዳው ለገበሬ ማኅበር ያካፍላል፡፡ በመጨረሻ የማኅበሩ ሊቀመንበር በየአባወራው ይደለድላል፡፡ እገሌ ሁለት ኩንታል፣ እገሌ አንድ ተኩል፡፡ ዝናብ ቀረ፣ ርብ ማሳውን ወሰደው ብሎ መከራከር ይቻል እንደሆነ የሚወሰነው በሊቀመንበሩ ጠባይ ነበር፡፡

ዋጋውም ከላይ የተቆረጠ ነው፡፡ ድርጅቱ ለአንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ለገበሬው የሚከፍለው 40 ብር አካባቢ ነበር፡፡ በዚያው ጊዜ በአዲስ አበባ ነፃ ገበያ ያው ኩንታል ከ100 ብር በላይ ያወጣል፤ በ1977ቱ ድርቅማ ከዚያም እጅግ አልፎ ሄዷል፡፡ የመጓጓዣውንና የነጋዴውን ትርፍ እንኳ ቀንሰን ብናየው ገበሬው ከእያንዳንዱ የኮታ ኩንታል ላይ የሚያጣው ገንዘብ ከሚያገኘው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፡፡ ግብር ብሎ የሚጠራው አልነበረም እንጂ ግብር ነበር፡፡ እንዲያውም ከግብር የከፋ የሚሆንበት ጊዜ ነበር፡፡ ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ ገዝቶ ለድርጅቱ ያስረክብ ነበር፡፡ በ80 ብር ገዝቶ በ40 መሸጥ ማለት ነው፡፡ የሚገርመው ደግሞ ድርጅቱ ለመንግሥት እርሻዎች ለተመሳሳይ እህል ይከፍል የነበረው ዋጋ ለገበሬው ከሚከፍለው የበለጠ መሆኑ ነው፡፡ በትራክተርና በማዳበሪያ የሚያርሰው መንግሥት በበሬ ከሚያርሰው ገበሬ የተሻለ ዋጋ ይገባዋል እንደማለት ነው፡፡

ሕግ ለተማረ ሰው አንድ ጥያቄ ይመጣል፡፡ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 መሬት መሸጥን ከለከለ፣ የአንድን ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፣ ጭሰኝነትን ሻረ፡፡ በደቡብ ይህ ትልቅ ነፃነት ነበር፡፡ በጎንደርና በጎጃም ግን አብዛኛው ገበሬ ባለርስት ስለነበረ የደስታው ልክ ያን ያህል አልነበረም፡፡ አዋጁ ገበሬውን የምርቱ ጌታ አድርጎታል፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ኮታ ግን ከምርቱ ላይ መንግሥትን ቀዳሚ ገዢ አደረገ፡፡ ገበሬው ኮታውን የሚያውቀው በነጋሪት ጋዜጣ ሳይሆን ሊቀመንበሩ በሚያነበው ዝርዝር ነው፡፡ ይግባኝ የሚባልበት ዳኛ አልነበረም፡፡ ያልሞላ ሰው ከአገልግሎት ማኅበሩ ሱቅ ጨውና ስኳር ይከለከላል፤ የባሰበትም መሬቱን እስከማጣት ይደርሳል፡፡ ከዚያ ባሻገር የተሻሻለው ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 214/1974፣ በኢኮኖሚ ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች የደነገገው ቅጣት እንደ ጥላ ያንዣብብ ነበር፡፡

ሁለተኛው ኮታ የሰው ነው፡፡ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 236/1975 ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ዜጋ ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት አስገደደ፡፡ በገጠር ይህንንም የሚደለድለው ያው የገበሬ ማኅበር ነው፡፡ እንግዲህ አስቡት፤ ከአንድ ቤት ስንት ኩንታል እንደሚወጣ የሚወስነው ሊቀመንበር ከዚያው ቤት የትኛው ልጅ እንደሚሄድም ይወስናል፡፡ ጎተራውን በተመለከተ አፍ የሚከፍት አባት ልጁን አስቦ አፉን ይዘጋል፡፡ ስለ ኮታ የተጻፉ የኢኮኖሚ ጥናቶች ዋጋውን በደንብ ያሰሉታል፤ ይህንን ሥጋት ግን በሠንጠረዥ ማስቀመጥ አይቻልም፡፡

ኬላ

ኮታውን ከሞላ በኋላ የተረፈውን እህል ገበሬው በገበያ መሸጥ ይችል ነበር፤ በወረቀት ደረጃ፡፡ ሆኖም ነጋዴው ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከገዛውም ቢያንስ ግማሹን ለድርጅቱ በተቆረጠ ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደዳል፡፡ ትርፍ አምራች በነበሩት በጎጃምና በአርሲ ደግሞ የግል ነጋዴ ጭራሹን ከእህል ንግድ ታግዶ ነበር፡፡ ይህንን የሚያስፈጽመው ኬላ ነው፡፡ ገመድ፣ ሁለት በርሜል፣ አንድ ዳስና ጠመንጃ የያዘ ሰው፡፡

ኬላ ያስያዘው እህል ብቻ አልነበረም፡፡ ቡና ከጤፍም ይበልጥ ይፈተሽ ነበር፤ ዋነኛው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነበርና፡፡ ለዘመዷ ቡና የያዘች ሴት ከሻንጣዋ ሥር ትቀብራለች፣ በነጠላዋ ትጠቀልላለች፣ ሕፃን አዝላ ከሕፃኑ ጋር ታዝላለች፡፡ አውቶቡስ ኬላ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ፣ ጆንያ በብረት እየተወጋ ሲፈተሽ የማያስታውስ የዚያ ዘመን መንገደኛ የለም፡፡

ውጤቱ ግልጽ ነው፡፡ እህል በተትረፈረፈበት ወረዳ ዋጋው ወደቀ፣ በተቸገረው ክፍለ ሀገር ሰቀለ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የኬላ ጠባቂውና ፈቃድ ያለው ሰው መተዳደሪያ ሆነ፡፡ ከጎጃም ጤፍ በዓባይ ድልድይ አድርጎ ጎንደር ለማድረስ መንገዱ የግማሽ ቀን ጉዞ ነበር፤ ፈቃዱ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፡፡ ድርቅ ሰሜኑን ሲመታ ይህ አጥር ሞት እንዳባባሰ ጥናቶች አሳይተዋል፡፡

ከተማው

በከተማ የነበረውን ሥርዓት ማንቋሸሽ ቀላል ነው፡፡ እኔም በልጅነቴ ካርድ ይዤ ከተሰለፉት አንዱ ስለሆንኩ ናፍቆቱ የለብኝም፡፡ ቁጥሮቹን ማየት ግን ፍትሐዊ ነው፡፡ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ በወር 50 ብር ነበር፡፡ በዲግሪ የተመረቀ ጀማሪ 500 ብር ይከፈለው ነበር፡፡ በነፃ ገበያ ዋጋ አንድ ኩንታል ጤፍ የዘበኛውን ሁለት ወር ደመወዝ ጠራርጎ ይወስድ ነበር ማለት ነው፡፡ የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ባይኖር ያ ዘበኛ ምን ይበላ ነበር? አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቤት ኪራይን ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርሱትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጥቷል፡፡ በርካሽ ኪራይና በካርድ ጤፍ የከተማ ድሃ ዓመታትን ገፋ፡፡ ይህ ሐቅ ነው፡፡

ካርዱ በቤተሰብ ብዛት ይሰጣል፡፡ ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ጤፍ በየተራ ይመጣል፡፡ «መጣ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ብቻውን ዓረፍተ ነገር ነበር፡፡ ምን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይሰለፋል፣ ከዚያ ይጠየቃል፡፡ ገና ሳይነጋ ድንጋይ፣ የተሰበረ ጣሳ፣ አሮጌ ቅርጫት ተራ ይይዛል፡፡ የመኪና ቤንዚን በኩፖን ነበር፡፡ ዶላር በባንክ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር በጥቁር ገበያ ከእጥፍ በላይ ያወጣ ነበር፤ የባንኩ ተመን የተነቃነቀው በ1985 ዓ.ም. ወደ 5 ብር ሲወጣ ነው፡፡ ባጭሩ ማንኛውም ነገር ሁለት ዋጋ ነበረው፤ የሚጻፍና የሚከፈል፡፡

አሜሪካኖች እንዴት አደረጉት?

በጦርነት ጊዜ ዋጋ መቁረጥና ማከፋፈል የሶሻሊስት ፈጠራ አይደለም፡፡ አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጥር 1942 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የአስቸኳይ ጊዜ የዋጋ ቁጥጥር ሕግ አወጣች፡፡ የዋጋ አስተዳደር ቢሮው በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ አጠቃላይ የዋጋ ጣሪያ ደነገገ፡፡ ስኳር በግንቦት ራሽን ሲጀመር ለአንድ ሰው በሳምንት ሩብ ኪሎ የማይሞላ ነበር የሚደርሰው፡፡ ቡና፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ጫማ ተከተሉ፡፡ ተራው ባለመኪና በሳምንት ጥቂት ጋሎን ቤንዚን ብቻ ያገኝ ነበር፡፡ እዚያም ጥቁር ገበያ ነበር፤ በተለይ በሥጋ፡፡

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ሕጉ ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ ናት፡፡ የግብርና ምርት የዋጋ ጣሪያ «ፓሪቲ» ከሚባለው መለኪያ 110 በመቶ በታች እንዳይሆን ሕጉ ራሱ ከልክሎ ነበር፡፡ ፓሪቲ ማለት ገበሬው አንድ ቁና እህል ሸጦ ከ1909 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ይገዛ የነበረውን ያህል ዕቃ እንዲገዛ የሚያስችለው ዋጋ ነው፡፡ በጥቅምት 1942 በሌላ ሕግ ይህ ወለል ወደ 100 በመቶ ተጠግቷል፡፡ ለምን? አሜሪካዊ ገበሬ በምክር ቤት ወኪል ስላለው ነው፡፡ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሳቸው ወለሉ ከፍ አለ ብለው ተከራክረውበታል፡፡ ጣሪያው ለሸማቹ፣ ወለሉ ለገበሬው፤ ጉድለቱን ደግሞ መንግሥት በድጎማ ከግምጃ ቤቱ ይሞላዋል፡፡

ዳኛም ነበር፡፡ ያኩስ የተባለ የቦስተን ሥጋ ነጋዴ ከጣሪያው በላይ ሸጠ ተብሎ ሲፈረድበት ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1944 ተወሰነ፡፡ ተሸነፈ፤ ዋጋውን መቃወም የሚፈልግ ለዚሁ ወደተቋቋመው ልዩ የይግባኝ ፍርድ ቤት በጊዜው መሄድ ነበረበት ተባለ፡፡ ሦስት ዳኞች ግን በሐሳብ ተለይተው ጽፈዋል፡፡ የሕግ ተማሪ ሁሉ ያንን ልዩነት ዛሬም ያነበዋል፡፡ የፎገራው ገበሬ ተሸንፎ ሊጻፍበት የሚችል መዝገብ እንኳ አልነበረውም፡፡

ካሴትና ሰዓት እላፊ

አሜሪካ በጦርነቱ ወቅት ሸክላ የሚሠራበት ሼላክ የተባለው ሙጫ ስላጠረ የዘፈን ሸክላም ተመጠነ፡፡ የሙዚቀኞች ማኅበር ደግሞ ከነሐሴ 1942 ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ቀረጻ አድሟል፡፡ በእኛም አገር ሸክላ ጠፋ፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፡፡ አምሃ እሸቴ አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ከአገር ወጣ፤ ሌሎቹም አሳታሚዎች ወደ ካሴት ዞሩ፡፡ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የካሴት ሙዚቃ ነው፡፡ የግጥም ሳንሱር ያለፈ ካሴት በሙዚቃ ቤት ይሸጣል፣ በማግስቱ በየሰፈሩ ይገለበጣል፡፡ የ1970ዎቹን ተወዳጅ ካሴቶች አብዛኞቹን ያጀበው ሮሃ ባንድ ነበር፡፡ የሂልተኑ ዋልያስ ባንድ በ1973 ዓ.ም. ገደማ ለሥራ አሜሪካ ሄዶ ግማሹ እዚያው ቀረ፡፡ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነድቶ፣ እርጅናው ላይ ዓለም እንደገና ያገኘው ከእነዚህ አንዱ ነው፡፡

ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ለሁለት ከፈለው፡፡ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ወይ በጊዜ ይወጣል፣ ወይ እስኪነጋ በሩ ተዘግቶበት ያድራል፡፡ ብዙዎች ማደሩን መረጡ፡፡ ቤቱ የቀረው ደግሞ ሬዲዮ ነበረው፡፡ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰፈሩ ጸጥ ይል ነበር፡፡ ጎጃም ውስጥ የተጻፈ ያህል የሚሰማውን ያንን ታሪክ የጎንደርና የጎጃም ሰው የራሱ ጎረቤት ታሪክ አድርጎ ነው ያዳመጠው፡፡

መንግሥትም ኪነትን አልናቀም፡፡ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፡፡ ከክፍለ ሀገር ደግሞ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የወሎው ላሊበላ ስመ ጥር ሆኑ፡፡ ሥራቸው መፈክር ማሞቅ ቢሆንም የአገር ቤትን እስክስታና ዜማ ከጠጅ ቤት አውጥተው መድረክ ላይ ያቆሙት እነሱ መሆናቸውን መካድ ንፉግነት ነው፡፡ በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» ተብሎ ዓለምን የዞረው ቡድን የዚሁ ሥራ ጫፍ ነበር፡፡ ያው 1980 አስገራሚ ዓመት ነው፡፡ ታህሣሥ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ወሰደ፣ ከተማው በደስታ አበደ፡፡ መጋቢት ላይ አፍአበት ወደቀ፡፡

መጽሐፍም ሁለት ዋጋ ነበረው፡፡ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ሲታገድ በተጻፈበት ዋጋ የሚገኝ ዕቃ መሆኑ አበቃ፡፡ ከእጅ ወደ እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ዞረ፡፡ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፡፡

ኮታው እንዴት ቀረ?

በ1980 ዓ.ም. የዓለም ባንክና ለጋሾች ግፊት አድርገው ለገበሬው የሚከፈለው ዋጋ በጥቂቱ ከፍ ተደረገ፡፡ ሙሉ በሙሉ የቀረው ግን የካቲት 1982 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ነው፡፡ የእህል ኮታ፣ የኬላ ክልከላ፣ የተቆረጠው ዋጋ ሁሉ በአንድ ንግግር ተነሡ፡፡ አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም አባሎቻቸው እንዲወጡ ሲፈቀድላቸው በሳምንታት ውስጥ ተበተኑ፤ በሬ በየባለቤቱ ተከፋፈለ፡፡ ያን ጊዜ ጦርነቱ ደብረ ታቦር ደርሶ ነበር፤ ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ ውሳኔው ለገበሬው ጥሩ ነበር፣ ለመንግሥቱ ግን ዘግይቶ ነበር፡፡ በየካቲት 1983 በተከፈተው ዘመቻ ጎንደርና ጎጃም ከደርግ እጅ ወጡ፡፡

ኬላ ግን ከደርግ ጋር አልሄደም፡፡ በ2015 ዓ.ም. የጤፍ ዋጋ ሲሰቀል ክልሎች ወደ አዲስ አበባ የሚጫነውን እህል በኬላ ያዙ ተብሎ አገር ተከራክሯል፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ሰዓት እላፊውም ተመልሷል፡፡

ፎገራን በተመለከተ የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ሩዝ፡፡ ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ፣ በጅግናና በሻጋ አምራች ማኅበራት አማካይነት ነው፡፡ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፡፡ ማኅበራቱ በነበሩበት ዘመን ሩዙ ከነሱ ማሳ ብዙም አልወጣም፡፡ ከተበተኑ በኋላ፣ ገበሬው የሚዘራውንና የሚሸጥበትን ዋጋ ራሱ መወሰን ሲጀምር፣ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ሁሉ ያዘው፡፡ እርግጥ የምርምሩና የመፈልፈያ ማሽኖቹ ድርሻ ቀላል አይደለም፡፡ የፎገራ ላም ግጦሿን በሩዝ መነጠቋም ሌላው ገጽ ነው፡፡ ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት፤ ጤፍ ሲወደድ በባሕር ዳርና በጎንደር ቤቶች ከጤፉ ጋር የሚደባለቀው ነጭ ዱቄትም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ሜዳ የወጣ ነው፡፡